ቀፊራን ያስጮኸችው ኑሀሚን

የአንድ ሰው ዕድሜ ተደምሮ ምን ይወጣዋል? ለዚህ ጥያቄ መጻሕፍት ብዙ መልስ አላቸው። እኔ ግን ባሰብኩት ቁጥር ፊቴ ድቅን የምትለው ቀፊራ ገበያ በርበሬ የምትሸጠው ሃሊሞ ነች።

ሃሊሞ የመልካ ጀብዱ ልጅ ናት። የበኩር ልጇ ዓብዲ የተወለደው ከንፈሩም ላንቃውም ተሰንጥቆ ነበር። ከንፈሩ የተሰፋለት ጊዜ ፍየል አርዳ ጎረቤት አበላች። ነገሩ ያለቀ መስሏት ላንቃውን ለማስዘጋት ሳትመለስ ቀረች። ዛሬ ዓብዲ ባጃጅ ይነዳል፣ ቀልደኛ ነው፤ ቃሉ ግን በአፍንጫው ስለሚወጣ ተሳፋሪ ሁሉ "ምን አልክ?" ይለዋል። ይህን በሰማች ቁጥር ሃሊሞ ታቀረቅራለች።

አንድ ቀን ሶፊ የምትባል የከዚራ ሰፈር እናት በዚያ ሙቀት የሕፃን ልጇን ፊት በነጠላ ሸፍና በበርበሬው በኩል ስታልፍ፣ ሃሊሞ አስቆመቻት።

"ግለጪያት እንጂ፣ ልታፍኛት ነው?"

"አዴ ሃሊሞ፣ ሰው ያያታል።"

"ይያታ! እኔስ በርበሬዬን ሸፍኜ ነው የምሸጠው?"

እንደ ዓብዲ ከንፈሯም ላንቃዋም ተሰንጥቆ የተወለደችው ሕፃን ኑሀሚን ከስታለች። ሶፊ አስተኝታ ስለምታጠባት ወተቱ በአፍንጫዋ ይመለስ ነበር። ሃሊሞ ድሮ በዓብዲ ጊዜ አንዲት ነርስ ያሳየቻትን አሳየቻት፤ ቀና አድርጎ፣ በትንሽ በትንሹ፣ እያሳረፉ። ሐኪሞቹ ክብደቷ እስኪደርስ ከንፈሯን አይነኩትም። ስለዚህ በየሳምንቱ እህል ሻጩ ሙመድ ማሽላውን ከሚዛኑ አራግፎ ጨርቅ ያነጥፍላታል።

"የሐኪም ቤቱ ሚዛን ምን አጠፋ?" አለች ሶፊ።

"እሱን በቀጠሮሽ ታይዋለሽ። ይሄ ለልብሽ ነው" አለች ሃሊሞ።

"ሙመድ፣ ኪሎው ስንት ገባ?" ይላሉ ሴቶቹ ከወዲያ።

"አቦ አትሸጥም፣ ሂዱ!"

ከንፈሯ ተሰፋ፣ ፊቷ አማረ። የላንቃው ቀጠሮ ሲደርስ ግን ሶፊ በሯ ላይ ቆማ እምቢ አለች። "አምሮባት የለ እንዴ? ለምን ደግሜ ላስቀድዳት?"

ሃሊሞ ባጃጁ ውስጥ ወደተቀመጠው ልጇ ዞራ "ንገራት" አለችው።

ዓብዲ አንድ ነገር ተናገረ።

"ምን አልክ?" አለች ሶፊ፣ ሳታስበው። ወዲያው አፏን ያዘች።

ዓብዲ ሳቀ። ቀስ ብሎ፣ ቃል በቃል ደገመላት። "ልጅሽን ይቺ ጥያቄ እንዳትከተላት ነው። ግቢ።"

ገባች። ላንቃው ተዘጋ፤ ቀጥሎ ንግግር የምታለማምድ ባለሙያ ጋ ብዙ ተመላለሱ። ቃላቱ መጀመሪያ በጭንቅ መጡ፣ ኋላ ግን ማን ይቻላቸው። ዛሬ ኑሀሚን ሃሊሞ አጠገብ ቆማ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ዋጋ ትጣራለች፤ ገዢ ሲከራከር መልስ አታጣም፣ ሙመድን ሳይቀር ትሳደባለች። ሃሊሞ ከሰዓት በኋላ ጎኗን አሳርፋ ጎረቤቶቿን ትለምናለች፤ "እስቲ ለአንድ አፍታ ይቺን ልጅ ዝም አሰኙልኝ።"

አንድም ሰው እሺ ብሏት አያውቅም።