ጎል ስትጠብቅ የወለደች ጊደር

በኳስ ደሞዝ እበላለሁ ስል ነገሌ ውስጥ ያመነኝ ሰው አልነበረም፤ አባቴማ ጭራሽ። አባቴ የሒሳብ አስተማሪ ነው። ወላጆቹ በመንግሥት ሥራ ከሰሜን መጥተው እዚያው የቀሩ፣ እሱም ነገሌ ተወልዶ ጠመኔ ሲጨብጥ ያረጀ ሰው። “ኳስ ጨዋታ ነው፤ ጨዋታ ደግሞ ሥራ አይደለም” ይላል፣ ነገሩም በዚያ ያበቃል። ደጋ አገር የሚገኝ አንድ ክለብ ለአጥቂነት ሲያስፈርመኝ ግን ስምምነት አደረግን። ጎል ማግባት አቅቶኝ ከመለሱኝ፣ አንድም ቃል ሳልተነፍስ መምህራን ኮሌጅ እገባለሁ። እሺ አልኩ። ምን ቸገረኝ! እኔ ነኝ ያለ ጎል አግቢ ነበርኩ። በነገሌ ሜዳ፣ ቀዩን አቧራ እየዋጥኩ፣ ፍየል ሲገባ ጨዋታ እያቆምን፣ ያላስለቀስኩት በረኛ የለም።

የሄድኩ ዕለት አውቶቡስ ተራ ድረስ የሸኙኝ ጎረቤታችን ናቸው። የቦረና ሽማግሌ፣ ከብት ነጋዴ፤ ሰፈሩ በሙሉ አባባ ነው የሚላቸው። እሳቸው ለሚወዱት ሰው ስጦታቸው ከብት ነው፣ ሌላ ነገር ስጦታ አይመስላቸውም። ከአሬሮ ያመጧት ግንባሯ ነጭ የሆነ ቦቃ ጊደር ነበረቻቸው። የመጀመሪያዋን ጎል ያገባሁ ቀን እሷ የእኔ እንደምትሆን ተናገሩ። ይህን ያሉት ሰው ፊት ነው፤ እሳቸው ዘንድ ደግሞ ሰው ፊት የተባለ ነገር አይታጠፍም።

ሄድኩ። ብርዱ ያንቀጠቅጣል፣ ሣሩ ያዳልጣል፣ ተከላካዮቹ ግድግዳ ናቸው። ጎል ግን የለም። ቋሚ መታሁ፣ በረኛ መታሁ፣ አንዴ የራሳችንን ተጠባባቂዎች መታሁ። በየሳምንቱ ለአባባ እደውላለሁ። እሳቸው ደግሞ ሰላምታቸውን ሳይጨርሱ ሌላ ወሬ አይጀምሩም። አካም? ናጋ? ሰው ደህና ነው? ከብት ደህና ነው? ዝናብ አለ? ከዚያ በኋላ ነው “ጎልስ?” የሚሉት። አንድ ቀን “ኢልመኮ” አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ “ጊደሯ አርግዛለች። አንተስ?”

ስልኩን ዘግቼ ታኬታዬን ከግድግዳ ጋር አላተምኩት። ከብት ቀደመኝ እኮ።

የመጀመሪያው ዙር የመጨረሻ ጨዋታ ሲደርስ አሰልጣኙ ዛሬም ካላገባሁ ሌላ ክለብ እንድፈልግ በግልጽ ነገረኝ። ከእረፍት በኋላ ኳሷ የፍጹም ቅጣት ሳጥን ውስጥ እግሬ ላይ ወደቀች። ባለ በሌለ ኃይሌ መታኋት። የአንዱ ተከላካይ ጭን ላይ አርፋ አቅጣጫዋን ቀየረችና በረኛው ዞር ሳይል ገባች። ጮቤ ረገጥኩ። ማሊያዬን አውልቄ ሜዳውን ዞርኩ፣ በዚያም ቢጫ ካርድ በላሁ። ጨዋታው ሲያልቅ ዳኛው ጎሉን የመዘገበው በተከላካዩ ስም ሆኖ ተገኘ፤ በራሱ ላይ አገባ ተብሎ። አሰልጣኙ ፊቴን እንኳ ሳያይ “ለእረፍት ሂድ፣ እናስብበታለን” አለኝ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ነገሌ ገብቷል። እንዲያውም አውቶቡሱ ክብረ መንግሥት ላይ ለምሳ ሲቆም አጠገቤ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች፣ ማን እንደሆንኩ ሳያውቁ፣ አገባ አላገባም እያሉ ሊደባደቡ ነበር። ወደራ ከተማን እስክናልፍ ኮፍያዬን ዓይኔ ላይ ደፍቼ ተኛሁ።

አባባ በበኩላቸው ነገሩን ራሳቸው ሊፈርዱ አልፈለጉም። ሰጪ ዳኛ አይሆንም አሉ። ስለዚህ ሽማግሌዎች ከከብት ገበያው ጀርባ ግራሩ ሥር ተሰበሰቡ። ጉዳዩ፦ ጎሉ የልጁ ነው ወይስ አይደለም? እንደ ውሃ ጉድጓድ ይዞታ ክርክር አምርረው ነው የያዙት። ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን አባቴ ነው። አንድም ቀን ጨዋታዬን ሊያይ ያልመጣ ሰው ኮቱን ለብሶ መጥቶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

አንዱ ሽማግሌ ኮርማው የማንም ይሁን ጥጃው የላሟ ባለቤት ንብረት ነው ብለው ጀመሩ። ታዲያ በዚህ ከሄድን መረቡ የበረኛው ነውና ጎሉም የበረኛው ሊሆን ነው ብሎ ሌላው ሲመልስላቸው ሰው ሁሉ ሳቀ። ሦስተኛው ተነሡና ወደ ጉድጓድ የምትሄድን ላም መንገድ ላይ ጀርባዋን ቸብ ያደረጋት ሁሉ ጌታዋ አይሆንም አሉ፤ ዋናው ነገር ላሟ ቀድሞ ወዴት ትሄድ እንደነበር ነው። ይሄ ብዙዎቹን አሳመነ። ያኔ አባቴ እንጨት አንሥቶ ብድግ አለ። ከሰው እንደሰማው አፈሩ ላይ ጎሉን ሣለ፣ ተከላካዩን ሣለ፣ የእኔን እግር ሣለ፣ ሦስቱን በመስመር አገናኘና በዚህ ማዕዘን የተመታች ኳስ መግባቷ አይቀርም ብሎ እንደ ክፍል ውስጥ አስረዳቸው። አባቴ ለእኔ ጎል ይከራከራል!

አባባ ወደ እኔ ዞሩ።

“ኢልመኮ፣ የመታሃት አንተ ነህ። ሰውየውን ባትነካ ትገባ ነበር?”

አትገባም ነበር። ወደ ማዕዘን ባንዲራው ነበር የምትሄደው፤ እኔ ደግሞ አሳምሬ አውቀዋለሁ። ልዋሽ አፌን ከፈትኩ። ጎሉ አለ፣ ጊደሯ አለች፣ ከሁሉም በላይ አባቴ ከጎኔ ቆሟል። ግን እዚያ ግራር ሥር፣ እነዚያ ሰዎች ዓይን ዓይኔን እያዩኝ፣ ውሸቱ አልወጣ አለኝ።

“አትገባም ነበር፤ ወደ ውጭ ነበር የምትሄደው” አልኩ።

አባቴ ሥዕሉን ትንሽ አየውና በጫማው አጠፋው። ቅስሜ ስብር አለ። ሽማግሌዎቹም ጎል አይደለም፣ ጊደሯ ትጠብቅ ብለው ፈረዱ፤ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ወተት ጠጥተን ተበተንን።

ወደ ቤት ስንሄድ አባቴ ከፊት ከፊቴ ይራመዳል። እኔ በሐሳቤ መምህራን ኮሌጅ ገብቼ ጠመኔ ይዣለሁ። በራችን ላይ ስንደርስ ቆመ።

“ጉልበትህ ደህና ነው። ችግሩ አቋቋምህ ላይ ነው” አለኝ። “ነገ ጠዋት ሜዳ እንሂድ።”

የእረፍቱን ጊዜ በሙሉ በየማለዳው ሄድን። ድንጋዮቹ ተከላካይ ሆኑ። አባቴ በኮትና በቆዳ ጫማ ጎል ውስጥ ቆሞ፣ መሬቱ ላይ በጠመኔ ዱቄት መስመር እያሰመረ፣ “ሰውየውን ምን ታያለህ፣ ባዶውን ቦታ እይ!” እያለ ይጮህብኛል። ሳበላሽ ጆሮዬን ሊይዘኝ ምንም አይቀረው። አንድ ጠዋት ላሳይህ ብሎ ራሱ ሲመታ ኳሷ ቀርታ ጫማው መረቡ ውስጥ ገባ። መሬት ላይ ቁጭ ብለን እንባችን እስኪፈስ ሳቅን። ከአባቴ ጋር እንደዚያ ስቄ አላውቅም ነበር።

ክለቡ ጠራኝ። አሰልጣኙ ሌላ አጥቂ እስኪያገኝ ብቻ መሆኑን አልደበቀኝም። በሁለተኛው ዙር የመጀመሪያ ጨዋታ ኳሷ በግራ በኩል መጣችልኝ። ሰውየውን አላየሁም፤ በበረኛው እጅና በቋሚው መሀል ያለችውን ክፍት አየሁና ዝቅ አድርጌ ላክኋት። መረቡ ተወዛወዘ። ጓደኞቼ ላዬ ላይ ተከመሩ፣ አሰልጣኙም ሳይቀር።

ገላዬን ሳልታጠብ ደወልኩ። አባባ ግን ማን ይቸኩላል! አካም፣ ናጋ፣ ሰው ደህና፣ ከብት ደህና፣ ዝናብ ደህና። ልፈነዳ ደርሼ “አባባ፣ አገባሁ!” አልኩ።

“ሰው ነካች?”

“ማንንም አልነካችም።”

ከዚያ ስልኩ እጅ ቀየረና የአባቴን ድምፅ ሰማሁ። ለካስ የጨዋታውን ውጤት ሊጠባበቅ እሳቸው ቤት ተቀምጧል።

“ማዕዘኑስ?” አለኝ።

“ጠባብ ነበር፣ አባዬ።”

“ጠባብም ይበቃል” አለ። ቶሎ ብሎም ስልኩን ለአባባ መለሰ። እሳቸውም መጥቼ ላሞቼን እንድወስድ ነገሩኝ። አንዲት ጊደር አልነበረች እንዴ ብዬ ጠየቅኋቸው።

“አንተን ስትጠብቅ ወለደች” አሉኝ። “ቃል ከገባሁልህ ቀን ጀምሮ በስምህ ነበረች፤ እኔ የጠጣሁት ወተቷን ብቻ ነው። ጥጃዋ ያንተ ናት።”

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ተጫወትኩ። ብዙ ጎል አገባሁ፣ ክለብ ቀያየርኩ፣ በመጨረሻ ጉልበቴ በቃኝ ሲል ነገሌ ገባሁ። የኮሌጁን ነገር ከዚያች ቀን ወዲያ በቤታችን ያነሣ ሰው የለም። አባባ ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ከብቶቼ ግን የእሳቸው የቦቃዋ ዘር ናቸው። ለመጀመሪያዋ ጥጃ ስም ያወጣላት አባቴ ነው። “ማዕዘን” አላት። እሷ ካረጀች በኋላም ስሙ ለልጇ፣ ከዚያም ለልጅ ልጇ ተላለፈ። ዛሬም አባቴ ከዘራውን ይዞ ማታ ከብቶቹ ሲገቡ በር ላይ ይቆማል፤ መጀመሪያ የሚጠይቀኝም ማዕዘን ገብታ እንደሆነ ነው።