ራዊያ አራስ ስትሆን ማን ይቀይረዋል?

ራዊያ ቆቦ ከተማ፣ አስፋልቱ ዳር ባለው የገበሬዎች ቁጠባ ማኅበር የኮምፒውተር ክፍሉን የምትይዝ ናት። የአባላቱ ሒሳብ በሙሉ የሚቀመጠው እሷ ክፍል ባሉት ዲስኮች ላይ ነው። የመጀመሪያ ልጇን ሀስናን የወለደች ሰሞን፣ በዚያ የግንቦት ሙቀት፣ መብራት ጠፍቶ ማቀዝቀዣው ቆመና አንዱ የሚሽከረከር ዲስክ ተቃጠለ። ገንዘብ የሚከፈልባቸው መስኮቶች ሥራ አቆሙ። የማኅበሩ መኪና ደጇ ድረስ መጣች። ራዊያ ወገቧን አስራ፣ ሕፃኗን ታቅፋ ሄደች፤ በአንድ እጇ ልጅ ይዛ እያጠባች በአንድ እጇ ዲስክ ፈታች። ሰው ሁሉ ጎበዝ አላት። እሷ ግን እንደዚያ ያለውን ጉብዝና ሁለተኛ አልፈለገችውም።

አሁን ሁለተኛውን አርግዛ ሆዷ ገፍቷል። ማኅበሩም አሮጌዎቹን ጥሎ፣ የሚሽከረከር ነገር የሌለበት፣ ሙሉ በሙሉ በፍላሽ የሚሠራ ማከማቻ ሊገዛ ነው። ሁለት ድርጅቶች ለሙከራ እያንዳንዳቸው አንድ የማከማቻ ሣጥን ከአዲስ አበባ አመጡ። የጨረታ ኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ ብርሃኑ ልባቸው የሄደው ወደ ፈጣኑ ነበር። የአባሉ ስም ተጽፎ ሳያልቅ ሒሳቡ ከች ይላል። ሌላው ዘገም ይላል፤ ቢሆንም ከድሮው ጋር ሲተያይ እሱም በራሪ ነው።

ራዊያ ሁለቱንም ካየች በኋላ፣ «ጋሽ ብርሃኑ፣ ያንን ቀይ በሬዎን ሮቢት ገበያ ሲገዙት ሲሮጥ አይተው ነው?» አለቻቸው።

«ጠምጄ አይቼ ነው እንጂ።»

«እንግዲያው እነዚህንም እንጥመዳቸው። ጠማጁ ግን እኔ አይደለሁም፤ እኔ አራስ እሆናለሁ። አባ ታሂር ይጥመዱ።»

አባ ታሂር የማኅበሩ ዘበኛ ናቸው። ከኮሚቴው አንዱ ሳቀ። ራዊያ አልሳቀችም፤ እሷ ስትወልድ የክፍሉ ቁልፍ የሚቀረው እሳቸው ዘንድ ነው።

በገበያ ቀን፣ ሰው መስኮቱ ላይ ተሰልፎ ሳለ፣ አባ ታሂር ከፈጣኑ ሣጥን አንድ ዲስክ እንደ ተበላሸ ቆጥረው መዘዙ። ሥራው አልቆመም። ምትኩን ሲሰኩ ግን ሣጥኑ አልቀበልም አለ፤ የባለሙያ ይለፍ ቃል ጠየቀ። ከሣጥኑ ጋር የመጣው የድርጅቱ ልጅ አዲስ አበባ ደወለ። ባለሙያው ስብሰባ ላይ ነው ተባለ። ጠበቁ። ሻይ ተጠጣ። ስብሰባው አላለቀም።

ከዘገምተኛውም መዘዙ። ቀይ መብራት በራ። ገንዘብ ተቀባይዋ ብዙነሽ፣ ኮምፒውተሩ ትንሽ ከበደብኝ ስትል ተሰማች። ምትኩ ሲሰካ ግን ሣጥኑ የጎደለውን መረጃ ማንንም ሳይጠይቅ ይሞላ ጀመር፤ ቆይቶ መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። አባ ታሂር እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው፣ «በቃ ይኸው ነው?» አሉ። ከበድ ያለ ሥራ የጠበቁ ይመስላሉ።

ጋሽ ብርሃኑ ፈጣኑን እያዩ ከንፈራቸውን መጠጡ። ዘገምተኛው ተገዛ።

ራዊያ በወለደች ማግስት ስልኳ ጮኸ። አባ ታሂር ናቸው። ሳታስበው ጫማዋን በዓይኗ ፈለገች።

«ቀይ በርቶ ነበር» አሉ።

ራዊያ እግሯን ከአልጋው አወረደች።

«ቀየርኩት። አረንጓዴ ሆነ፣ አልሀምዱሊላህ። ወንድ ነው ሴት?»

«ወንድ።»

«ማሻአላህ። የተበላሸውን ዲስክ ምን ላድርገው?»

ጠረጴዛዋ ላይ እንዲያስቀምጡላት ነገረቻቸውና ስልኳን አጠፋች። ጫማዋንም በእግሯ ወደ አልጋው ሥር ገፋችው።