የዘውድነሽ ግራ እጅ

ዘውድነሽ ጎረቤቴ ናት። ካራ ሰፈር እኔ ሽንኩርትና ጎመን እሸጣለሁ፣ እሷ ከአጠገቤ ባለችው የቆርቆሮ ሱቅ ልብስ ትሰፋለች። የዛሬ ሁለት ዓመት ስትሮክ መታትና ቀኝ እጇ ከትከሻዋ ጀምሮ አልታዘዝ አላት። ሃያ ዓመት መቀስ የያዘ እጅ! እኔ፣ የማርያምወርቅ የምባለው፣ ወር በገባ ቁጥር በመጀመሪያው ቀን እንጦጦ ራጉኤል ድረስ እየወጣሁ አለቅስላት ነበር። እሷ ግን ጴንጤ ናት፤ "ልቅሶውን ተይውና ጸልዪልኝ" አለችኝ።

ከስምንት ወር በኋላ አንድ ጠዋት የሱቋን በር ለመክፈት ስትታገል አየኋት። ልረዳት ስነሣ በዓይኗ መለሰችኝ። ጓጉንቸሩን በጉልበቷ ከበሩ ጋር አጣብቃ በግራ እጇ ከፈተችውና ጮክ ብላ፣ "ዛሬ በሬን ራሴ ከፈትኩ፤ ተመስገን!" አለች። ከምስጋናነቱ ይልቅ ዛቻ ይመስል ነበር።

ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልቀረባትም። በየጠዋቱ ደጃፏ ላይ ቆማ ስለ አንድ ነገር ታመሰግናለች፤ የትናንቱን መድገም ደግሞ ክልክል ነው። "ትናንት መርፌ ውስጥ ክር አስገባሁ፤ ተመስገን።" "ቀጥ ያለ ስፌት ወጣልኝ፤ ተመስገን።" ምንም ሳይሳካላት ሲቀር፣ "የማርያምወርቅ እስካሁን አፏን አልከፈተችም፤ ተመስገን" ትላለች። እኔ "እንዴት አደርሽ" ላለኝ ሁሉ "ተመስገን" ስል ስንት ዓመቴ ነው፤ ስለ ምን እንደማመሰግን ግን አስቤው አላውቅም ነበር።

የቤተ ክርስቲያናቸውን የመዘምራን ልብስ ሁልጊዜ የምትሰፋው እሷ ነበረች። ለዘንድሮው ፋሲካ ግን ጨርቁ አያት ሰፈር ላለ ልብስ ሰፊ እንዲሰጥ ተወሰነ። "ታሳዝናለች፣ እናሳርፋት" አሉ አሉ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እኔ በደንበኞቼ በኩል ቀድሜ ስሰማ፣ እሷ የሰማችው የሚመጣው እሑድ ወጥታ እንድትመሰክር ሊነግሯት በመጡ ጊዜ ነው። መመስከር የሚሉት በሕዝብ ፊት ቆሞ አምላክን ማመስገን ነው።

"የሞተው አንድ እጄ ነው፤ እነሱ ሙሉ በሙሉ ቀበሩኝ" አለችኝ። "እሑድ አብረሽኝ ትመጫለሽ።" ሳምንቱን ሙሉ ደንበኛ አላስገባችም። የስፌት መኪናዋ ድምፅ ግን ይሰማኝ ነበር።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር! ነጠላዬን ተከናንቤ አዳራሻቸው የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ ራጉኤል ይቅር ይበለኝ። ሽማግሌያቸው ጋሽ ሚልኬሳ ማይኩን ይዘው፣ "እህታችን ዘውድነሽ እጇ ቢወሰድባትም ታመሰግናለች። እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ነሣ! እህቴ፣ እጅሽን ስለ ወሰደው ተመስገን በይ" አሉ። ሰዉ በሙሉ አሜን አለ።

ዘውድነሽ ማይኩን ተቀበለች። "አልልም" አለች።

እኔ መግቢያ ጠፋኝ።

"በየጠዋቱ አመሰግናለሁ። የማመሰግነው ስለ ተረፈልኝ ነው። ለሄደው እጄ ግን ዛሬም አለቅሳለሁ። ኢዮብም ያንን ካለ በኋላ ስንት ምዕራፍ ሙሉ ከፈጣሪው ጋር ተሟግቷል፤ ጋሽ ሚልኬሳ እዚያ ጋ ሲደርሱ የሚዘሉት መሰለኝ።" ከዘንቢሏ አንድ የመዘምራን ልብስ አውጥታ ዘረጋችው። "ይኼን ከራሴ ጨርቅ በግራ እጄ ሰፋሁት። ስፌቱ ጠማማ ከሆነ ሥራውን ለአያት ሰፈሩ ሰው ስጡ። ቀጥ ያለ ከሆነ ሥራዬን መልሱልኝ። እዘኑልኝ አላልኩም!"

የፊተኛው ወንበር ሴቶች ልብሱን ተቀባብለው ገለባበጡት። አንዷ የእጅጌውን ስፌት በጣቷ ተከትላ ጨረሰችና፣ "ምንም እንከን አይወጣለትም" አለች። ቀድሜ እልል ያልኩት እኔ ነኝ፣ ኦርቶዶክሷ!

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ሚልኬሳ ጨርቁን በትከሻቸው ተሸክመው ሱቋ መጡ። እሳቸውም ከመዘምራኑ ጋር ስለሚዘምሩ መለካት ነበረባቸው። ዘውድነሽ ሜትሩን በግራ እጇ አነሣች።

"አንደኛውን ጫፍ ልያዝልሽ?" አሏት ቀስ ብለው።

"ቀጥ ብለው ይቁሙ፣ ጋሽ ሚልኬሳ" አለች። "ጥርስ አለኝ፤ ተመስገን!" የሜትሩን ጫፍ ነክሳ መለካት ጀመረች።