ለታዱ ሳልተረጉምላት የቀረው ቃል

ታዱ የለችም አሉኝ። ስልኩን ዘግቼ መልሼ ደወልኩ፣ ሌላ ታደለች መስላኝ። እሷው ናት። የማንጋፍ ሰፈሯ ታዱ፣ የጸሎት ኅብረታችን ሳቂታ፣ ዛሬ ጠዋት ሆስፒታል ውስጥ አረፈች።

ኩዌት በገባሁ ሰሞን ዓረብኛ አንድም አላውቅም ነበር። አሠሪዬ ማዳም የምትለኝን ሁሉ «አይዋ፣ አይዋ»፣ እሺ እሺ፣ እያልኩ አንድ ቀን የሳሎኑን ምንጣፍ በበረኪና አጠብኩት። ለታዱ ስነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀች። «አንቺ ልጅ፣ ያልገባሽን ነገር አሜን አትበይ!» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በየሰበቡ ይህንኑ ትለኝ ነበር።

ዓመታት አልፈው ዓረብኛው ከሷ ይልቅ ለኔ ቀናኝ። ጭንቅላቷ ውስጥ ዕጢ ሲገኝባት አስተርጓሚዋ እኔ ሆንኩ።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ዶክተሯ ቁጭ አድርጋ አስረዳችን። የታዱ ዕጢ ውስጥ አንድ ኢንዛይም በብዛት አለ፤ የኬሞ እንክብሉ የዕጢውን ሴሎች ሲጎዳ ኢንዛይሙ እየተከተለ ይጠግናቸዋል፤ ስለዚህ እንክብሉ ብዙ ላይረዳት ይችላል አለች። ገብቶኛል። ታዱ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች።

«ምን አለች?»

«መድኃኒቱ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፣ በርቺ አለች» አልኳት።

ስታለቅስ ማየት ፈርቼ ነው። ፈሪ ነኝ።

ከወራት በኋላ ዕጢው አደገ። ፋርዋኒያ ሰፈር በምናደርገው የአርብ ጸሎታችን ላይ አንዷ እህት «መድኃኒቱ እምቢ ያለው የተደበቀ ኃጢአት ቢኖር ነው» አለች። ታዱ በዚያ ድካሟ ተንበረከከች። እናቷ ስትሞት ማዳሟ አልለቅም ብላት ሳትቀብር መቅረቷን እንደ ኃጢአት ቆጥራ፣ በሁላችን ፊት እያለቀሰች ይቅርታ ለመነች።

እኔ እውነቱን አውቃለሁ። ብናገር ውሸቴ ይወጣል። «ይቅር በላት» ተብሎ ሲጸለይ አሜን አልኩ። ያውም ጮክ ብዬ።

«ጌታ ያጽናሽ» እያላችሁ የምትጽፉልኝ፣ እባካችሁ ተዉኝ። አፍሬያለሁ። እሷን መጽናኛ ነስቼ እኔ እንዴት እጽናናለሁ?

ታዱዬ፣ ያልገባሽን አሜን አትበይ አልሽኝ። እኔ የገባኝን ደብቄ አሜን አልኩብሽ። ዶክተሯ ኢንዛይም ነው ያለችው፣ ኃጢአት አላለችም። ይህን ሳታውቂ መሄድሽ ነው የሚያቃጥለኝ። የፊታችን አርብ እዚያው በተንበረከክሽበት ቦታ ቆሜ ሁሉን እናገራለሁ።

ደህና ሁኚ፣ እህቴ። እናትሽን ስታገኚያት እንደገና ይቅርታ አትጠይቂያት።