የታሸገው ቀበቶ

ሰኔ ሲያልቅ ዛሬም ደሜ ይፈላል። መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ንብረት ቆጠራ ብሎ በሩን የሚያሽግበት ሰሞን ነው።

የቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ገና ሲገነባ፣ አቃቂ ባለው የዩኒቨርሲቲያችን የምርምር ክፍል ነርሶችን አስተምር ነበር። የጤና ምርምር ከመደርደሪያ ወርዶ ሰው ያድን ተብሎ ገንዘብ ተመደበ። እኔም የደም ማቆሚያ ቀበቶ አቅርቤ ተወዳደርኩና አለፍኩ። ክንድ ወይም እግር ላይ ታስሮ በብረት ማጥበቂያው ሲጠመዘዝ ደሙን ቀጥ ያደርጋል። ማሽን እጁን የበላው ስንቱ የፋብሪካ ሠራተኛ ነው ሐኪም ቤት ሳይደርስ የሚያልቀው! ብረቱን የሚሠራልኝ ከመንገዱ ማዶ ያለ በያጅ ጎረምሳ ነበር። "እህቴ፣ ይሄ ቀበቶሽ እኮ ሱሪ እንኳን አይዝም" እያለ ያበሽቀኛል።

ሐምሌ ላይ ፋብሪካ ወስደን ልንሞክረው ስንል የሰኔው ቆጠራ ቀድሞ ደረሰ። ቀበቶው ውስጥ እንዳለ ክፍሉ ተቆልፎ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ተለጠፈበት።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከብየዳ ቤቱ ጩኸት ሰማሁና ሮጥኩ። በመበየጃው ተራ ተጣልተው፣ ባልደረባው በተቆረጠ ላሜራ የዚያን በያጅ ጎረምሳ ክንድ ከብብቱ ዝቅ ብሎ ዘልዝሎታል። ያም አልበቃው ብሎ የወደቀውን ልጅ በእርግጫ ይለዋል። ሰዎች ባልደረባውን በድንጋይ መትተው አላቀቁት። ደሙ ግድግዳው ላይ ይረጫል። በሻርፔ ባስረው ተንሸራተተ። አንዱን ሰውዬ "ተጫነው፣ እንዳትለቅ!" ብዬ ወደ ምርምር ክፍሉ በረርኩ።

ሽማግሌው ዘበኛ በሩ ላይ ቆመዋል።

"ጋሼ፣ ይክፈቱልኝ፤ ሰው እየሞተ ነው!"

"ታሽጓል ልጄ። ቁልፉም ንብረት ክፍል ነው። ኮሚቴው ሳይመጣ አይከፈትም።"

"ኮሚቴውን እሳት ይብላው!"

ድንጋይ አንስቼ ጋን ቁልፉን እቀጠቅጥ ጀመር። ዘበኛው ከኋላ ፀጉሬን ይዘው ጎተቱኝ፤ ዱላቸውንም ትከሻዬ ላይ አሳረፉት። አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው፤ እጃቸውን ግን ጥርሴ አጥንት እስኪነካ ነከስኩት። ጮኸው ለቀቁኝ። ጋን ቁልፉ ሲሰበር የኔም ጣቶች በደም ተጨማልቀው ነበር።

ተመልሼ ቀበቶውን አሰርኩለት፤ ጠመዘዝኩት። ማጥበቂያው የገዛ እጁ ሥራ ነው፤ ንቅንቅ አላለም። ደሙ ቀጥ አለ። እሰይ! ብዬ ፊቱን ቀና ባደርገው ትንፋሽ የለውም። ለካ ደሙ የቆመው አልቆ ነው።

ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ዘበኛው እጃቸውን በጨርቅ ጠቅልለው መጡና አጠገቤ ተቀመጡ። አምና የበር ማሸጊያ ተቀዶ ተገኝቶ ከሥራ ሊያባርሯቸው እንደነበር ነገሩኝ። ከዚያ አንገታቸውን ደፉ።

"ልጄ፣ ቁልፉ እኮ ኪሴ ውስጥ ነበር።"

እዚያው አንገታቸውን ማነቅ አማረኝ። የልጁ እናት ፊት ለፊታችን ደረቷን እየደቃች ነበርና እጆቼን ነጠላዬ ውስጥ ሸሸግኩ።