ወፏ ታውቀኛለች

ይህን ከንስሐ አባቴ ደብቄያለሁ። እርጥብ ሩዝ እንደ ደረቅ መሸጤን ሳይቀር ነግሬያቸዋለሁ፤ ይቺን ግን ከምላሴ ሥር አስቀረኋት። ለእናንተ የምናገረው ፊቴን ስለማታዩት ይሆናል።

ወረታ ውስጥ ገመድ፣ መረብና ሩዝ እሸጣለሁ። ሱቄ ውስጥ ቴሌቪዥን ስላለ የማይገዛ ሰው አይጠፋበትም። አንድ ጊዜ የፎገራን ወፎች ለቴሌቪዥን የሚቀርጹ ሰዎች ከአዲስ አበባ መጡና መንገድ የሚያሳይ ፈለጉ። ማን ሊቀድመኝ?

የፈለጉት ያቺን ባለ ረጅም እግር፣ ራሷ ላይ ወርቃማ አክሊል ያላትን ወፍ ነው። ጥንዶቹ የሚውሉት በእትዬ ስንዱ መስክ ነበር። እትዬ ስንዱ ባላቸው የሞቱባቸው ጎረቤቴ ናቸው። ሣር ሲያሳጭዱ ውሃ የሚተኛበትን ጥግ አያስነኩም፤ የወፎቹ ድርሻ ነው ይላሉ።

ብንሞክር ብንሞክር ወፎቹ ካሜራውን ሲያዩ ይሸሻሉ። ሰዎቹ ሰልችተው በማግስቱ እንሄዳለን አሉ። እኔ ደግሞ በቴሌቪዥን ልታይ ነው ብዬ እስከ ሐሙሲት ድረስ አውርቻለሁ። ሳልታይ ብቀር የማይስቅብኝ ማን ነበር? ምክንያቴ ይኸው ነው፤ የተሻለ ፈልጌ አጥቻለሁ።

ጎህ ሳይቀድ ከሱቄ ቀጭን ናይለን ይዤ ወረድኩ። በዚያችው በተተወችላቸው ጥግ ሩዝ በትኜ ወጥመድ ዘረጋሁ። እንስቷ ተያዘች። እግሯን ከችካል ጋር አሰርኩ፣ ችካሉን ሣር ውስጥ ቀበርኩ። እኔ አሰርኳት፤ ማንም አላዘዘኝም።

ሰዎቹ ሲደርሱ አጠገቧ ቁጢጥ ብያለሁ። ለምን እንደማትሸሽ ቢጠይቁኝ፣ “ወፏ ታውቀኛለች” አልኩ። ክንፏን ስታራግብ እየጨፈረችልኝ ነው አልኩ። አውራው ከላያችን እየዞረ ይጮህ ነበር፤ እሱንም አሳምረው ቀረጹት።

ሸኝቻቸው ልፈታት ስመለስ ናይለኑ አጥንቷ ድረስ ገብቷል፤ እግሯ ተሰብሯል። ናይለኑን ቆረጥኩላት። ጥቂት ተንፏቀቀችና ወደቀች። ትቻት ሄድኩ፤ የገበያ ቀን ነበር። በማግስቱ ያገኘሁት ጅብ የተወውን ላባ ነው።

በቴሌቪዥን የታየሁ ቀን ሱቄ ጢም አለ። እትዬ ስንዱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አዩና፣ ወፌን ለአገር አሳየህልኝ ብለው መረቁኝ። ቀጥለው ታዲያ እንስቷ የት ገባች አሉ። ወደ ይፋግ ተሻግራ ይሆናል፣ ትመለሳለች አልኳቸው። ፊቴ ቅንጣት አልተለወጠም። ነጋዴ አይደለሁ?

አመኑኝ። ሰው ሁሉ እስከ ደጁ ሩዝ ሲዘራ ያቺ ጥግ ጦሟን ታድራለች። ልጃቸው ሩዝ ልዝራባት ብሎ ቢለምን ቢለምን፣ ወፏ ስትመጣ የት ልትቆም ነው ብለው እምቢ አሉት። አኩርፎ አንበሳሜ ከተማ ገባ፤ ለዓመት በዓል እንኳ አይመጣም። እናትና ልጅን ያለያየሁ እኔ ነኝ።

ባለፈው ክረምት በምርኩዝ ሱቄ ድረስ መጡ።

“ፈንታሁን ልጄ፣ አንተን ታውቅሃለች። እስቲ ውረድና ጥራልኝ። ሳልሞት ትምጣ።”

ምን ልበል? ወረድኩ። እሳቸው ዳር ቆመው እያዩኝ፣ ውሃ ውስጥ ገብቼ የሞተች ወፍ ጠራሁ። ወፍ ምን ተብሎ ይጠራል? ዶሮ እንደሚጠራ ጠራኋት። አውራው ከማዶ ብቻውን ቆሟል። ከብት አጠገቡ ሲግጥ አይሸሽም፤ እትዬ ስንዱ ቢጠጉትም አይሸሽም። እኔን ሲያይ ግን ጮኾ ተነሣና ከዓይን እስኪጠፋ በረረ።

እሱስ በእርግጥ ያውቀኛል።

“ምነው፣ ዛሬ ምን አገኘው?” አሉ እትዬ ስንዱ።

መልሱ አፌ ላይ ነበር፤ ዋጥኩት። እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም። ይቅር ማለት የሚችሉት እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ባገኙኝ ቁጥር ይመርቁኛል።