ከመውደቁ በፊት የተሰበረው ብረት

በ1991 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ በሁለተኛው እሑድ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ላይ፣ ጀማል የሚባል የሃያ ስድስት ዓመት ልብስ ሰፊ ከሰርቦ ወደ ጅማ በሚመልሰው ቁልቁለት ላይ ከብስክሌቱ ወድቆ ጭንቅላቱ ተመታ። በማግስቱ ማለዳ ሞተ። ብስክሌቱን ያደስኩት እኔ ነኝ። የተሰበረው ብረት ስንጥቅ እንዳለበት ከአሥራ አንድ ቀን በፊት አውቅ ነበር።

ይህን የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ለሚስቴ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴ አልነገርኩም። እናንተ የማታውቁኝ አንባቢዎች ናችሁ፣ መጀመሪያ የምትሰሙት እናንተ ናችሁ። ስለ ድፍረቴ አታመስግኑኝ። የምናገረው ሊሰሙኝ ከሚገባቸው ሰዎች አንዱ መስማት የማይችልበት ቦታ ከሄደ በኋላ ነው።

በዚያን ዘመን በጅማ የዞን ዘጋቢ ነበርኩ። አንድን ነገር ከሦስት ሰው ሳላጣራ ዜና አልልክም። ባልደረቦቼ «አጣሪ ኮሚቴ» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ከሥራ ስወጣ ደግሞ የቆዩ የጣሊያን የውድድር ብስክሌቶችን አድሳለሁ። በጃንሆይ ዘመን የቡና ነጋዴዎች ለልጆቻቸው የገዟቸው ብስክሌቶች በየቤቱ ጣራ ሥር ዝገት ይበላቸው ነበር። ቀጭን ብረት፣ በእጅ የተያያዘ፣ መገጣጠሚያው እንደ ጌጥ የተቀረጸ። ከተማው ውስጥ ይህን ሥራ እንደ እኔ የሚያውቅ አልነበረም። ይህን የምለው ለመኩራት አይደለም፤ በኋላ ለተፈጠረው ነገር ምክንያት ስለሆነ ነው።

ጀማል ብስክሌቱን በነሐሴ ዝናብ፣ ከቦሳ ኪቶ ሰፈር በትከሻው ተሸክሞ አመጣልኝ። የሟች አባቱ ነበር። ቀለሙ ተልጧል፣ ጎማ የለውም፣ ካቴናው አንድ ጓል ሆኗል።

«ይድናል?» አለኝ።

«ቴላዮው ደህና ነው። አጥንቱ ካለ ሌላው ይተካል። ጊዜ ስጠኝ።»

ሦስት ወር ሠራሁበት። የእኔ አሠራር እንዲህ ነው፦ ሁሉን እፈታለሁ። እያንዳንዱን ዕቃ በነጭ ጋዝ አጥባለሁ። በብርጭቆ ወረቀት ፈትጌ እርቃኑን ብረት አወጣለሁ። ከዚያ ፀሐይ ላይ ይዤ አገላብጣለሁ፣ በመፍቻ ጫፍ መታ አድርጌ አዳምጣለሁ። ጤነኛ ብረት ይዘምራል፤ የታመመ ብረት ድምፁ ይታፈናል። ያየሁትን ሁሉ በደብተር እጽፋለሁ። ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ መስመር። አሮጌውን ብቻ አልመለስኩም፣ አሻሻልኩትም። የኋላ ጎማውን የሚይዙትን እግሮች በጥንቃቄ ከፍቼ ባለ አምስት ማርሹን ጥርስ በባለ ስድስት ማርሽ ተካሁት። ከባዱን ቸርኬ አውጥቼ ቀላል አስገባሁ። አዲስ ፍሬን ሰጠሁት፣ ሳይንሸራተት የሚይዝ። ብስክሌቱ በአባትየው ዘመን ከነበረው ይልቅ ይፈጥን ነበር። ይህንንም ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ጀማል ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ በሩ ላይ ይቆማል።

«ጋዜጠኛ! ልታድሰው ነው ልትዘግበው?»

«ሂድ ሱሪህን ስፋ።»

«ዋላሂ፣ ሙሽራ እንኳ እንዲህ አትታጠብም! ሜ፣ እስቲ ደብተሩን አሳየኝ፤ ስለ ጥርሱ ስንት ገጽ ጻፍክ?»

ከእሑዱ አሥራ አንድ ቀን በፊት፣ ረቡዕ ቀን፣ ፎርኬላውን ፈተግኩ። ፎርኬላ የምንለው የፊት ጎማውን በሁለት እግር አቅፎ፣ በቴላዮው አንገት ውስጥ አልፎ እስከ መሪው የሚወጣውን ብረት ነው። የጋላቢው ክብደት፣ ፍሬን ሲይዝ ደግሞ የብስክሌቱ ግፊት ሁሉ የሚያርፈው እዚያ ነው። ሁለቱ እግሮች ከሚገናኙበት በላይ፣ አንገት ውስጥ የሚደበቀው ቦታ ላይ፣ ፀጉር የምታህል ጥቁር መስመር አየሁ። ጭረት ነው ብዬ ደገምኩ። ፈተግኩት፣ አልጠፋም። በመፍቻ መታሁት። ድምፁ ታፈነ።

አወቅኩ። «ጠረጠርኩ» አላልኩም፣ «አወቅኩ» ነው ያልኩት።

ያ ፎርኬላ መጣል ነበረበት። በሌላው ዓመት ቢሆን ወደ አስመራ እልክና በሁለት ሳምንት ተመሳሳዩን አስመጣ ነበር። በዚያ ዓመት ጦርነት ነበር፤ መንገዱ ተዘግቷል። የቀረው ከቻይና ብስክሌት ላይ ነቅሎ ማስገባት ነው። ወፍራም፣ ከባድ፣ የማይሰበር። ገበያ ውስጥ ሞልቶ ነበር። ትንሽ አስተካክዬ ልገጥመው እችል ነበር። ታዲያ ለምን አልገጠምኩም? ደጋግሜ ራሴን የጠየቅኩት ጥያቄ ነው፤ መልሱም ከዓመት ዓመት አልተለወጠም። ያስጠላኝ መልኩ ነው። ያንን ቀጭን፣ እንደ ሸምበቆ የሚያምር ቴላዮ ከፊቱ የጋሪ ብረት ሰክቼ ሰው ፊት ማውጣት አሳፈረኝ። ሰው ለመልክ ሲል ሰው ይገድላል? እኔ ገደልኩ።

ወደ አንድ በያጅ ወሰድኩት። ሽማግሌ ነው፣ መነጽሩ በገመድ የታሰረ። ስንጥቁን በጥፍሩ ዳሰሰው።

«ይሄ ለምንድን ነው?»

«ለብስክሌት።»

«ሰው ይቀመጥበታል?»

«ለማሳያ ነው» አልኩት። «ግድግዳ ላይ የሚሰቀል።»

«ለግድግዳ ከሆነ እሺ። ለሰው ከሆነ ግን እኔን እንዳታስነካኝ። እሳት የነካው ቀጭን ብረት ይኮርፋል፤ ኩርፊያውን ደግሞ በኋላ ነው የሚያወጣው።»

በነሐስ በየደው። እቤት ወስጄ በሞረድ አስተካከልኩት፣ ግራሶ ቀባሁት፣ አንገቱ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ በኋላ ማንም ሊያየው አይችልም። ደብተሬን አወጣሁና በፎርኬላው መስመር ላይ «ጸድቷል፣ ተገጥሟል» ብዬ ጻፍኩ። ሁለቱም እውነት ነው። እውነት እየጻፉ መዋሸት እንዴት እንደሚቻል ያን ቀን በራሴ እጅ አስተማርኩት፤ ራሴን።

ዓርብ ዕለት ብስክሌቱን ቦሳ ኪቶ አደረስኩ። እናቱ እማማ ዘይነባ በር ላይ ወጥተው አዩት፣ ልጃቸው ኮርቻው ላይ ሲወጣ አፋቸውን በሻሻቸው ያዙ።

«ማሻአላህ! አባቱ ተነሥቶ የመጣ መሰለኝ» አሉ። ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩ፣ «እጅህን አላህ ይባርከው፣ ልጄ።»

እዚያ መናገር እችል ነበር። ጀማል ራሱ ዕድሉን ሰጠኝ። «ሁሉም ደህና ነው አይደል? ከሰርቦ ስንመለስ ቁልቁለቱ ላይ ልለቀው ነው» አለ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፤ «አትልቀቀው» የምትል። እኔ ግን «አዎ» በሚል ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ።

እሑድ ጀማልን ጨምሮ ሰባት ብስክሌተኞች ወደ ሰርቦ ወጡ። እኔ በመሥሪያ ቤቴ ሞተር ከኋላ ነበርኩ። ሰርቦ ደርሰው ሻይ ጠጡ፣ ተመለሱ። ቁልቁለቱ ላይ ጀማል ቀደመ፤ እኔ ሠላሳ ሜትር ያህል ከኋላው ነኝ፣ ሌሎቹ ከኩርባው ወዲያ ቀርተዋል። ከፊታችን አባ ዲጋ የሚባሉ የአካባቢው ገበሬ እሸት ቡና የጫነች በቅሏቸውን እየነዱ መንገዱን አቋረጡ። በቅሎዋ አልፋ ነበር። አስፋልቱን ለቃ፣ ጠርዙ ላይ ያለው ጠጠር ላይ ደርሳለች። ጀማል ለጥንቃቄ ፍሬን ያዘ። ማንም ጋላቢ የሚይዘው ፍሬን ነው። ያኔ የብስክሌቱ ፊት ከቀሪው ተለየ። መጀመሪያ ብረቱ ተሰበረ፣ ከዚያ ጀማል ወደቀ። ቅደም ተከተሉን በዓይኔ አይቻለሁ።

ሌሎቹ ደርሰው ጀማልን ሲያነሡ፣ እኔ ፎርኬላውን አነሣሁ። ይህንንም ልናገር። ሰውየው ደም እየፈሰሰው እኔ ብረት አነሣሁ። ስብራቱ ላይ የነሐሱ ቢጫ ቀለበት ይታይ ነበር። ማንም እንዳያየው በመሐረቤ ጠቀለልኩት።

ሰኞ ከቀብር ስንመለስ የትራፊክ ፖሊሱ አሥር አለቃ ጠራኝ። ጨዋ ሰው ነበር።

«እኔ ከመኪና ሌላ አላውቅም» አለኝ። «ይህን ብስክሌት አንተ ነህ የምታውቀው። ደግሞም አይተሃል። መርምረህ ንገረኝ። ፍሬኑ እንዴት ነበር?»

«ደህና ነበር።»

«መሪው?»

«ደህና።»

«በቅሎዋስ?»

«መንገዱ ላይ ነበረች።»

ሦስቱንም ጻፈ። ሦስቱም እውነት ነበሩ። ከዚያ ብዕሩን አቁሞ ጥሩ ዘጋቢ የሚጠይቀውን ጥያቄ ጠየቀኝ፤ «የፊቱ ብረት፣ የተሰበረው ከመውደቁ በፊት ነው ወይስ በኋላ?»

«በኋላ» አልኩ።

የራሴን ሥራ የመረመርኩት እኔ ነኝ። የመሰከርኩት እኔ ነኝ። አንዲት ቃል ተናግሬ ጥፋቱን ከእጄ አውጥቼ በአንድ ገበሬ ትከሻ ላይ የጫንኩት እኔ ነኝ። በዚያው ሳምንት የላክሁት ዜና አምስት ዓረፍተ ነገር ነበረው። ስለ ስብራቱ ምንም አላነሣም፣ ስለ በቅሎዋ ግን ይናገራል። ማንም ሰው ማስተባበያ ሊጠይቅበት አይችልም ነበር።

በዚያ አገር የሰው ሕይወት ከጠፋ፣ ሳይታሰብም ቢሆን፣ ነገሩ በፖሊስ ወረቀት አያበቃም። ጉማ አለ። ሽማግሌዎች የሟችንና ያጠፋውን ወገን ያስታርቃሉ። ዕርቁ እንዲሠምር ግን ያጠፋው ሰው ጥፋቱን በራሱ አፍ መናገር አለበት። ካልተናገረ ዱዓ አይደረግም፣ ቂሙም ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

ሽማግሌዎቹ ሰርቦ አጠገብ አንድ ዋርካ ሥር ተቀመጡ። እኔንም ጠሩኝ፣ ያየሁ ነኝና። አባ ዲጋ በመጀመሪያው ቀን በኦሮምኛ እየጮኹ ተከራከሩ። «በቅሎዬ አልፋለች! ያ ረቢ! ጭራዋ እንኳ አልፏል!» አሉ። እውነታቸውን ነበር። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ፣ «አንተ የመንግሥት ወረቀት ላይ የምትጽፍ ሰው ነህ። ሐሰት ለምን ትናገራለህ? እንዳየህ ተናገር» አለኝ። ለአሥር አለቃው ያልኩትን ደገምኩ።

ጉባኤው ለሁለት ሳምንት ተቀጠረ። በሁለተኛው ቀጠሮ አባ ዲጋ ተለውጠው መጡ። ከስተዋል። አልጮኹም። ተነሥተው ዱላቸውን መሬት ላይ አስተኙ፣ በዝግታ ተናገሩ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ተረጎመልኝ፣ ባይተረጉምልኝም ይገባኝ ነበር፦

«ያለፈች መስሎኝ ነበር። ሌሊት ሌሊት ሳስበው፣ እንዳላለፈች እየታየኝ መጣ። ጋዜጠኛው ካየ አይቷል፤ እሱ ከማናችንም ወገን አይደለም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። የሰው ልጅ የገደልኩ እኔ ነኝ።»

አይታችኋል? የዓይናቸውን ምስክርነት ነጠቅኳቸው። አንድ ሰው ያየውን እንዳላየ፣ ያላደረገውን እንዳደረገ በራሱ አፍ አስመሰከርኩት። የእኔን ኑዛዜ እሳቸው ተናዘዙልኝ፤ እኔ ተቀምጬ አዳመጥኩ። ሽማግሌው ዱዓ ከማድረጉ በፊት እንደ ወጉ ጠየቀ፤ «ሌላ የሚያውቅ፣ የሚናገር አለ?» ሦስት ጊዜ ጠየቀ። ሦስቱንም ጊዜ ቆጠርኩ። እማማ ዘይነባ እያለቀሱ የአባ ዲጋን እጅ ያዙ። ሁሉም «አሚን» ሲሉ፣ እኔም «አሚን» አልኩ።

ከዚያ በኋላ አሥራ ስድስት ዓመት በዘጋቢነት ሠራሁ። ባለሥልጣናትን «ለምን ደበቃችሁ?» እያልኩ ጠየቅኩ። ብስክሌት ግን ዳግመኛ አልነካሁም። ይህን እንደ ቅጣት አትቁጠሩልኝ፣ ፍርሃት ነው። ወጣት ነበርኩ አልልም፤ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ጦርነቱ ነው አልልም፤ የቻይናው ፎርኬላ ገበያ ውስጥ ነበር። ይቅር በሉኝም አልልም፣ ይቅርታው የእናንተ አይደለም። ባለቤቶቹ ሁለት ነበሩ። እማማ ዘይነባ በሕይወት አሉ፤ ይህን ጽፌ ስጨርስ፣ ለማንም ከማሳየቴ በፊት፣ ለእሳቸው አነብላቸዋለሁ። እንዲህ ያለ ቃል ለራሴ ስገባ የመጀመሪያዬ እንዳልሆነም እነግራችኋለሁ።

ባለፈው ጥር ወደ ሰርቦ ሄድኩ፤ ለአባ ዲጋ ልነግራቸው ነበር። ቤታቸውን ያሳየኝ የበኩር ልጃቸው ነው። አባቱ ከሁለት ዓመት በፊት እንደሞቱ ነገረኝ። ሌላ ሰው ጠየቅኩ፣ ሦስተኛም ጠየቅኩ፤ ትክክል ነው። ከጉማው በኋላ አባ ዲጋ የጭነት ከብት ነድተው አያውቁም፤ ቡናቸውን እስከ መጨረሻው በጀርባቸው ነው ያወረዱት። ሊሞቱ ሲሉ ልጆቻቸውን ሰብስበው፣ በየዓመቱ ከመጀመሪያው ለቀማ አንድ ቁና ቡና ለሟች እናት እንዲወስዱ አደራ ብለዋል። ልጁ የዘንድሮውን ኅዳር ላይ ቦሳ ኪቶ ወስዶ ለእማማ ዘይነባ በእጃቸው አስረክቧል።